የበሽተኛው ሚዛን ለጤነኛው ይሆናልን?

ኦራ ፓልቲኤል፣ ቤኒ ኼፌጽና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት አጭር ቢሆንም ብዙ የሚያነጋግር ነው። እስራኤል ከፍሳሽ ውሃዋ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን አጣርታ ለመስኖ የምታውል አገር ስለሆነች፣ ጥያቄው ከዚያ መነሣቱ አያስደንቅም።

የተመረመረው ካርባማዜፒን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኀኒት ነው። ይህ መድኀኒት በተለመደው የማጣሪያ ዘዴ በቀላሉ አይወገድም። ከውሃው ጋር በሥር ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቅጠሉ ውሃውን ሲያተን መድኀኒቱ እዚያው ይቀራል። ከፍሬ ይልቅ በቅጠል የሚበዛውም ስለዚህ ነው።

ተመራማሪዎቹ 34 ጤነኞችን በሁለት ከፈሉ። አንደኛው ወገን በመጀመሪያው ሳምንት በተጣራ ፍሳሽ የበቀለ አትክልት፣ በሁለተኛው ሳምንት በንጹሕ ውሃ የበቀለ በላ፤ ሌላው ወገን ደግሞ በተቃራኒው። በመጀመሪያው ሳምንት ፍጻሜ በፍሳሹ የበቀለውን በበሉት ሁሉ ሽንት ውስጥ መድኀኒቱ ተገኘ፤ በሌላው ወገን ግን ለውጥ አልታየም። መድኀኒቱ ከማሳ ተነሥቶ ሰው ዘንድ መድረሱን በግልጽ ማሳየታቸው የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

ነቀፌታዬ ከውጤቱ በሚወሰደው መደምደሚያ ላይ ነው። «መጠኑ በሽተኛ ከሚወስደው እጅግ ያነሰ ነውና አያሰጋም» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ጥናቱ ራሱ በዚህ አነስተኛ መጠን መድኀኒቱ በሰውነት ውስጥ የሚለወጥበት ሁኔታ በበሽተኞች ከሚታየው የተለየ መሆኑን ገልጿል። አካሄዱ ከተለየ የበሽተኛው ሚዛን ብቻውን እንዴት ዳኛ ይሆናል? ደግሞም በሽተኛው ሐኪም አዝዞለት፣ ጥቅሙን ከጉዳቱ አመዛዝኖ ይውጠዋል፤ ሰላጣ የሚበላውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ሐኪሞች ይህን መድኀኒት ለነፍሰ ጡር ሲያዙ የሚጠነቀቁ መሆናቸውንም አንርሳ።

«መርዝ በላን» ብለው የሚጮኹትም ተሳስተዋል። የሁለት ሳምንት ሙከራ መድኀኒቱ መግባቱን እንጂ መጉዳቱን አያስረዳም። ውሃ ባጠረበት አገርም የተጣራ ፍሳሽን መተው መፍትሔ አይሆንም። የሚሻለው ውሃውን እንደ ሰብሉ ዐይነት መደልደል፣ ለቅጠላ ቅጠልም የበለጠ መጠንቀቅ ነው።

በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር ለብዙ ዘመን ጎመንና ሰላጣ ሲለማ ኖሯል። ያ ውሃ የተጣራ ስላልሆነ የዚህን ጥናት ቁጥር እንዳለ ልንወስድ አይገባም፤ ዘዴውን ግን ልንወስድ እንችላለን። ውሃውንና ቅጠሉን ከመመርመር አልፎ የበላተኛውን ሰውነት መጠየቅ ይገባል።