ውድ የሆነችው ፀሐይ ናት ወይስ ውሉ?

በኔጌቭ በረሃ የቆመውን የአሻሊም የፀሐይ ማማ እያነሡ «የፀሐይ መብራት ከጋዝ ይልቅ ውድ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ትችታቸው ግማሹ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው ማማ 240 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ 121 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። (መስተዋቶቹ ሲያበሩ ማየትስ ደስ ይላል።) ይሁን እንጂ መብራቱ ለ25 ዓመት በውድ ዋጋ እንዲገዛ አስቀድሞ ውል ተፈርሟል። በኋላ የተራው የፀሐይ ሰሌዳ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ውሉ ባለበት ቀረ። ጥፋቱ የፀሐይ አይደለም።

የጋዝ ጣቢያ ነዳጁን በየጊዜው ይገዛል፤ የፀሐይ ጣቢያ ግን ወጪው ከሞላ ጎደል በመጀመሪያው ቀን ያልቃል። ወለዱን ሳያስቡ ሁለቱን ማነጻጸር፣ ቤት የገዛንና የተከራየን ሰው በአንድ ወር ወጪ እንደ ማወዳደር ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ኔጌቭ መውረድ አያስፈልግም። የፔታሕ ቲክቫን ጣራዎች የሞላው ዱድ ሸሜሽ ይበቃል። ከ1980 ወዲህ በሕግ ምክንያት ከአብዛኛው አዲስ መኖሪያ ሕንፃ ጋር ስለሚሠራ፣ ወጪው በቤቱ ዋጋ ውስጥ ተጠቃሎ ይከፈላል፤ የሚያማርርም የለም። ዱዱ ያረጀበት የአሮጌ ሕንፃ ነዋሪ ግን የአዲሱን ዋጋ በአንድ ጊዜ ማውጣት ስለሚያቅተው፣ ውኃውን በኤሌክትሪክ እያሞቀ በየሁለት ወሩ ሂሳብ ይከፍላል። ተቺዎቹ የረሱት እርሱን ነው።