ሙያ በልብ ነው ወይስ በቦርሳ?

በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የ2014 የተጫዋቾች መጽሐፍ፣ የዕቃዎች ምዕራፍ ላይ፣ ስለ ጓጉንቸር የተጻፈ አጭር ማብራሪያ አለ። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ መክፈቻው ከሌለ፣ በሌባ መሣሪያ አጠቃቀም የሠለጠነ ገጸ ባሕርይ በቅልጥፍና ሙከራ 15 እና ከዚያ በላይ ካመጣ ይከፍተዋል። ቀላል ይመስላል። ያልሠለጠነውስ? መሣሪያውን ከሞተ ሽፍታ ኪስ ያገኘ ወታደር መሞከር ይችላል ወይስ አይችልም?

ይኸው መጽሐፍ ስለ መሣሪያዎች በአጠቃላይ ሲናገር ደግሞ፣ የሥልጠና ጥቅም በመሣሪያው በሚደረግ ሙከራ ላይ ተጨማሪ ነጥብ መደመር ነው ይላል። ከዚህ ተነስተን ካነበብን ወታደሩም ይሞክራል፤ ነጥቡን አይደምርም እንጂ። አንዱ ገጽ ላይ ሥልጠና ፈቃድ ነው፣ ሌላው ገጽ ላይ ጉርሻ። እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው፤ በእኛ ሥራ እነዚህን ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ኮዱ ተመልሶ ይመጣለታል። «መግባት ይፈቀድለታል ወይ?» እና «ከገባ ምን ያህል ይሳካለታል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ በቁጥር እንየው። ሙከራ ማለት ባለ 20 ገጽ ዳይስ ወርውሮ የራስን ነጥብ መደመር ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ያለች ሌባ ለቅልጥፍናዋ 3፣ ለሥልጠናዋ 2 ትደምራለች እንበል። 15 ለመሙላት ዳይሱ 10 እና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት፤ ዕድሏ 55 በመቶ ነው። እንደ እሷ ቀልጣፋ የሆነ ግን ያልሠለጠነ ወታደር፣ በጠባቡ ንባብ ዕድሉ ዜሮ ነው። በሰፊው ንባብ 45 በመቶ። ስለዚህ የሌባዋ ሙሉ ሙያ፣ ገጸ ባሕርይዋን ስትፈጥር የመረጠችው ነገር፣ ወይ ሁሉንም ነገር ነው ወይ 10 በመቶ ብቻ። ይህን የሚወስነው ደግሞ ጌም ማስተሩ የትኛውን ገጽ መጀመሪያ እንደገለጠ ነው።

ጓጉንቸሩ ብቻውን ቢሆን እናልፈው ነበር። መጽሐፉ 18 ስኪሎች አሉት፤ ከእነሱ ጎን ደግሞ ብዙ መሣሪያዎች፣ ድንበራቸውም በደንብ አልተሠመረም። ክራር የሚመስል ነገር የሚጫወት ሰው የሚያስፈልገው የትርኢት ስኪል ነው ወይስ በመሣሪያው መሠልጠን? መልኩን ቀይሮ ዘበኛ የሚያታልለው፣ የመልክ መቀየሪያ ዕቃው ይሠራለታል ወይስ የማታለል ስኪሉ? የመድኃኒት ዕፅ ለመለየትስ የተፈጥሮ እውቀት ነው፣ ሕክምና ነው፣ ወይስ የዕፅዋት መሣሪያው? እያንዳንዱ መልስ ለአንዱ ተጫዋች ሲሰጥ ከሌላው ይወስዳል።

ይሄ ደግሞ የዛሬ በሽታ አይደለም። በ1974 ጨዋታው ሲወጣ ሌባ የሚባል የገጸ ባሕርይ ዓይነት አልነበረም፤ ወጥመድ የገጠመው ሁሉ የመሰለውን ይሞክር ነበር። በ1975 ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ሌባን ይዞ መጣ፣ ጓጉንቸር የመክፈትና ወጥመድ የማምከን ዕድሉንም በመቶኛ አስቀመጠ። በዚያው ቅጽበት ያልተጻፈ ጥያቄ ተወለደ፦ ሌላው ሰው ከአሁን በኋላ መሞከር አይችልም ማለት ነው? ለአንድ ሰው «ትችላለህ» ብሎ የሚጽፍ ሕግ፣ ስለ ቀሩት ዝም ካለ፣ ዝምታው እንደ ክልከላ መነበቡ አይቀርም።

አዘጋጆቹ ችግሩን አላዩትም አልልም። የ2017ቱ የዛናታር መጽሐፍ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ማብራሪያ ጨመረ፤ ስኪልና መሣሪያ በአንድ ሙከራ ላይ ሲገናኙ ዳይሱን ሁለቴ ወርውሮ ትልቁን መያዝ የሚል መፍትሔም ሐሳብ አቀረበ። የ2024ቱ እትም ይህን ዋና ሕግ አደረገው። ጓጉንቸርንም ከእጅ ቅልጥፍና ስኪል ጋር አገናኝቶ የሠለጠነ ብቻ የሚለውን አወጣው። አሁን ሁለቱም ያላት ሌባ ዕድሏ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል፣ ወታደሩ 45 ላይ ይቀራል። ይሄ ጥሩ ሥራ ነው፤ ሁሉም ይሞክራል፣ ሙያ ግን ሙያ ሆኖ ይታያል። ግን መልሱ ለጓጉንቸር ነው። የመልክ መቀየሪያው ላይ ከየትኛው ስኪል ጋር እንደሚጣመር አልተጻፈም፤ ያ ትልቅ ጥቅም እንደገና በጌም ማስተሩ ስሜት ላይ ተንጠለጠለ።

«ዋናው እኮ የጌም ማስተሩ ውሳኔ ነው፣ ሕግ ሁሉን አይሸፍንም» የሚለውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ኮምፒውተር «እንደሁኔታው» የሚባል ነገር አይገባውም፣ ለዚህ ነው በ2023 የወጣው ባልደርስ ጌት 3 አንዱን መምረጥ የነበረበት፦ ጓጉንቸር በእጅ ቅልጥፍና ይከፈታል፣ መሣሪያው ካልተሳካ የሚያልቅ ዕቃ ነው፣ አለቀ። ጠረጴዛ ላይ እንዲህ መድረቅ አያስፈልግም። ግን ውሳኔን ለሰው መተው እና ውሳኔው የማን እንደሆነ አለመናገር አንድ አይደሉም። የጆን ሃርፐር ብሌድስ ኢን ዘ ዳርክ 12 ድርጊቶች አሉት፣ ድንበራቸውም ሆን ተብሎ የተደራረበ ነው። ነገር ግን የትኛውን እንደሚጠቀም የሚመርጠው ተጫዋቹ ነው፤ አደጋውንና ውጤቱን የሚመዝነው ጌም ማስተሩ። አሻሚነቱ አለ፣ ባለቤትም አለው። ስለዚህ ክርክሩ አጭር ነው።

በአማርኛ ስንጫወት ነገሩ ይብሳል። 6ቱን መሠረታዊ ባሕርያትም፣ 18ቱን ስኪሎችም «ችሎታ» ማለት ይቀናናል። «መሣሪያ» ደግሞ መጋዝም ነው፣ ጠመንጃም ነው፣ ክራርም ነው። «መሣሪያ አለኝ» ያለ ተጫዋች ዕቃውን ይሁን ሥልጠናውን መለየት አይቻልም። ሆኖም ቋንቋችን የተሻለ ቃል አለው፦ ሙያ። ባለሙያ አናጢ የሰው መጋዝ ቢሰጡት ይሠራበታል፤ መጋዝ የገዛ ሁሉ ግን አናጢ አይባልም። «ሙያ በልብ ነው» እንላለን። መጽሐፉ ግማሹን ልብ ውስጥ፣ ግማሹን ቦርሳ ውስጥ አስቀምጦ፣ ማን ከየት እንደሚያወጣ ሳይነግረን ሄደ።

እኔ ከአንድ የመሣሪያ ሕግ የምጠብቀው ሦስት መልስ ብቻ ነው። ያልሠለጠነ ሰው መሞከር ይችላል? ዕቃው የሌለው ባለሙያ መሞከር ይችላል? ስኪሉን የሚመርጠው ማነው? ሦስቱም በአንድ መስመር ይጻፋሉ። መጽሐፉ ካልጻፈው፣ ገጸ ባሕርይ በሚፈጠርበት ቀን፣ ማንም ምንም ሳይመርጥ በፊት፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይነገር። ምክንያቱም ተጫዋች ሌባ ስትመርጥ ሌላ ነገር ትታ ነው። በር ፊት ቆማ፣ ዳይሱን ይዛ፣ የመረጠችው ነገር ዋጋ ገና እየተደራደረ መሆኑን ካወቀች፣ ከዚያ በኋላ ሕጉን አታምነውም። ሕጉን ያነበበላትንም ሰው ማመን ይከብዳታል።