የላንሴቱ የካፕ ጥናት ከጉለሌ ሲነበብ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2019 «ዘ ላንሴት ፐብሊክ ሄልዝ» ያሳተመው የአና ማሪያ ቫን አይክና የባልደረቦቻቸው ጥናት፣ ስለ ወር አበባ ካፕ (ብልት ውስጥ ገብቶ ደሙን ስለሚያጠራቅመው ትንሽ ጽዋ) በየአገሩ ተበታትኖ የነበረውን ማስረጃ አሰባስቦ የመዘነ የመጀመሪያው ሥልታዊ ዳሰሳ ነው። 43 ጥናቶችንና 3,319 ተሳታፊዎችን ያቅፋል። መዋቅሩ ግልጽ ነው፤ መፍሰስን፣ ተቀባይነትን፣ ደህንነትንና አቅርቦትን በየተራ አንስቶ ማስረጃው የሚፈቅድለትን ያህል ብቻ ይደመድማል። እኔ ያነበብኩት ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከሞዴስ ወደ ካፕ በተሻገርኩበት ሰሞን ነው። ስለዚህ መጠየቄ አልቀረም፤ ይህ ሁሉ የጋራ ግቢ ውስጥ ለምትኖር ሴት ምን ያህል ይሠራል?

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነው ቁጥብነቱ ነው። ካፕን ከሞዴስ ወይም ከታምፖን ጋር በመፍሰስ ያነጻጸሩት አራት ጥናቶች ብቻ ናቸው፤ ካፕ ከሌሎቹ እኩል ወይም ባነሰ መጠን እንደሚያፈስ አሳይተዋል። ጸሐፊዎቹ ከዚህ አልፈው ድል አላወጁም። ቶክሲክ ሾክ ሲንድሮም የተባለው አደገኛ ሕመም በአምስት ተጠቃሚዎች ላይ መታየቱን ሲዘግቡም፣ የካፕ ተጠቃሚዎች ጠቅላላ ቁጥር ስለማይታወቅ የአደጋውን መጠን ማስላት እንደማይቻል በግልጽ ይናገራሉ። ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ) ያስገቡ 13 የካፕ ተጠቃሚ ሴቶች ሉፑ ከቦታው እንደወጣባቸውም አልሸሸጉም። ይህች አንዲት መስመር በየጤና ጣቢያው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ብትነበብ እንዴት በጠቀመች!

የሥራው ምርጥ ክፍል ግን ስለ መልመድ የሚናገረው ነው። ካፕ በአንድ ቀን አይለመድም፤ በርካታ የወር አበባ ዑደቶችን ይጠይቃል፤ የእኩዮች ድጋፍ ባለበትም ተጠቃሚው ይበዛል ይላል። እጁን ያስገባበት ሰው ይህ ምን ያህል እውነት እንደሆነ ያውቃል። ጀማሪዋን የሚያስጨንቃት ካፑን አጥፎ ማስገባቱ ሳይሆን ማውጣቱ ነው። ጭራውን ይዛ ብትጎትት አይመጣላትም፤ በጎተተች ቁጥር ሰውነቷ ይወጠራል፣ ካፑም ይበልጥ ይጣበቃል። ቁጢጥ ብላ፣ ትንፋሿን ለቅቃ፣ የካፑን ግርጌ በሁለት ጣት ጨመቅ አድርጋ አየር ስታስገባ ነው የሚላቀቀው። መመሪያ ወረቀቱ ላይ ይህ በአንዲት ትንሽ ሥዕል ይታለፋል፤ ያለፈችበት ሴት አጠገብ ቁጭ ብላ ስትናገረው ግን ፍርሃቱ ይቀላል። በ13 ጥናቶች ከተሳተፉት መካከል 73 በመቶ ያህሉ ካፑን መጠቀም እንደሚቀጥሉ መናገራቸው የሚገባኝ ከዚህ ጋር ሲነበብ ነው፤ እነዚህ ተሳታፊዎች ጥናት ውስጥ ነበሩ፣ የሚጠይቁት ሰው ነበራቸው።

ጉድለቱ ያለው በመለኪያ አመራረጡ ላይ ነው። ውሃና የመጸዳጃ ቤት በር ራሳቸውን ችለው መለኪያ አልሆኑም። ጉለሌ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ የመጣ ዕለት ጀሪካኑ ሁሉ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሊትር ይታሰባል። ፍረወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 ባቋቋሙት ፋብሪካ የሚመረተው ታጥቦ የሚለበስ የጨርቅ ሞዴስ የብዙ ልጃገረዶችን ችግር ያቃለለ ታላቅ ሥራ ነው፤ ላንሴት ጥናቱን ባወጣበት ዓመት የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና መባላቸውም ይገባቸዋል። ይሁንና ጨርቅ የሳፋ ውሃና ፀሐይ ይፈልጋል፤ የጋራ ግቢ ውስጥ ደግሞ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ሁሉም ያየዋል። ካፕ በአንድ ጆግ ውሃ ይታጠባል፣ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል፣ ዑደቱ ሲያልቅ ለእሱ ብቻ በተለየች ትንሽ ድስት ይቀቀላል። እዚህ ሰፈር የካፕ ትልቁ ብልጫ ይኸው ነው፤ ጥናቱ ግን ሚዛን ላይ አላወጣውም። በሌላ በኩል መቀርቀሪያው የማይዝ፣ ውስጡ ቧንቧ የሌለው የጋራ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ካፕ ማፍሰስና ማለቅለቅ ከባድ ነው፤ ይህም ቢለካ ፍርዱ ሚዛናዊ በሆነ ነበር።

ቋንቋው ትክክለኛና ደረቅ ነው፤ ዘውጉ የሚፈልገው ስለሆነ አልወቅሰውም። ሆኖም አንዲት እናት ልጇ ካፕ እንድትጠቀም ከመፍቀዷ በፊት የምታነሳው የድንግልና ጥያቄ በመቶኛ አይመለስም። የሴቶቹ ድምፅ በሠንጠረዡ መካከል ሳስቷል።

የዋጋው ስሌት ብልህ ነው፣ ግን ደሃን አያውቅም። ለአሥር ዓመት የሚያገለግል አንድ ካፕ በዚያው አሥር ዓመት በየወሩ 12 ሞዴስ ለመግዛት ከሚወጣው 5 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሚያስወጣ ያሰላል። ደመወዝ እስኪደርስ አንድ እሽግ ሞዴስ ከሱቅ በዱቤ ለምትወስድ ሴት ግን የአሥር ዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈል ሌላ ጉዳይ ነው። በ99 አገሮች 199 ዓይነት ካፕ መገኘቱን፣ ዋጋውም ከ0.72 እስከ 46.72 ዶላር መሆኑን ጥናቱ ይዘረዝራል፤ በአገራችንም ሣራ ኤክሉንድ የመሠረቱት ኖብል ካፕ አለ። ካፕ መኖሩን ከማያውቀው ሰው ብዛት አንጻር ይህ ዝርዝር ራሱ አገልግሎት ነው፤ ስለ ወር አበባ ከሚያስተምሩ ድረ ገጾች ጥናቱ ከመረመራቸው 69 መካከል ካፕን የጠቀሱት 30 በመቶ ብቻ ነበሩና።

ይህን ሥራ ለሐኪም፣ ለነርስና ለትምህርት ቤት ኃላፊ ያለማመንታት እጠቁማለሁ፤ ስለ ደህንነቱ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም። የጎደለውን የውሃና የበር መለኪያ የሚጨምር ጥናት ግን ይህ ጥናት ከተመራበት ከሊቨርፑል መጠበቅ የለበትም። ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ ፓስተር ያለው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ናቸው፤ የሚጠየቁት ሴቶችም ጎረቤቶቻቸው ናቸው።