ሁለት ሬዮች፣ ሰባት አጽሞች

አጽሙ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይቆማል። ውስጡ ብረት ነው። በብረቱ ላይ ላቴክስ በሚባል ፈሳሽ ጎማ የተነከረ ጥጥ በስሱ ተጠቅልሎ ደርቋል፤ አጥንት የሚመስለው እሱ ነው። ሥጋና ቆዳ የለበሰ አሻንጉሊት መገጣጠሚያውን ከቆዳው ሥር ይደብቃል። ይሄኛው መደበቂያ የለውም። ጉልበቱም ክርኑም የእጁ አንጓም ብረት እንደያዙ ከአጥንት ሳይወፍሩ መታጠፍ አለባቸው።

መገጣጠሚያው ድቡልቡል የብረት ኳስ ነው፤ በሁለት ጎድጓዳ ብረቶች መሐል ተቀምጦ በትንሽ ብሎን ይጠብቃል። ከላላ ክንዱ በቀረጻው መሐል ይወድቃል። ከጠበቀ ደግሞ አንጓውን ለማዞር ሲሞከር ክርኑም አብሮ ይሄዳል። ልኩ በጣት ሲገፋ እሺ የሚል፣ ጣት ሲለቀው ባለበት የሚቀር ነው። ይህን ልክ በቶርኖ ያወጣው የአኒሜተሩ የሬይ ሃሪሃውዘን አባት ፍሬድ ነበር። ልጁ ይስላል፣ አባት ይቆርጣል። ልጁ በ1960 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኑሮውን ወደ ለንደን ካዛወረ በኋላም አባት ከሎስ አንጀለስ ብረቱን እየሠራ ይልክ ነበር፤ በ1973 እስኪሞት ድረስ።

እንዲህ ያሉ አጽሞች ሰባት ናቸው። በ1963 በወጣው «ጄሰን ኤንድ ዘ አርጎናትስ» ውስጥ ከመሬት ተነሥተው፣ ሰይፍና ጋሻ ይዘው ከሦስት ሰዎች ጋር ይፋለማሉ። አንደኛው አዲስ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በፊት በሲንባድ ፊልም ብቻውን የተዋጋው ነው። ሬይ ሃሪሃውዘን በእያንዳንዱ አጽም ላይ የሚያንቀሳቅሰው አካል አምስት ነበር። አምስት በሰባት 35፤ ይህ ለአንዲት ፍሬም፣ ማለትም ለአንድ ቅጽበት ምስል ብቻ ነው። አንድ ሰከንድ ደግሞ 24 ፍሬም ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ 13 ፍሬም ብቻ ያገኘባቸው ቀናት ነበሩ፤ ከግማሽ ሰከንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ፍልሚያው አራት ወር ተኩል ፈጀ።

ስለዚህ ትዕይንት የሚወራው ብዙውን ጊዜ ይህ ቁጥር ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ሰይፎቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ተዋንያኑ መጀመሪያ ቁጥር ከተሰጣቸው ሰባት ሰዎች ጋር እንደ ውዝዋዜ ተለማመዱ። ከዚያ ሰዎቹ ወጡና ተዋንያኑ ያንኑ ፍልሚያ ብቻቸውን፣ ከባዶ አየር ጋር ደገሙት። ባዶ አየር ላይ የተሰነዘረ ሰይፍ በራሱ ክብደት ዐልፎ ይሄዳል። ተዋናዩ ግን የጠላት ሰይፍ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ እጁን ቀጥ ማድረግ አለበት። ወራት ቆይቶ፣ በሌላ ክፍል ውስጥ፣ የጥፍር ስፋት ያላት የአሻንጉሊት ሰይፍ በዚያችው ነጥብ፣ በዚያችው ፍሬም ትደርሳለች። ፊልሙን አዘግይታችሁ ካያችሁት ሁለቱ ስለቶች ሲነካኩ ታያላችሁ። አጽሙም በምቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይላል። ያቺን «ትንሽ» ማንም አላዘዛትም።

ሰውና አሻንጉሊት በአንድ ምስል ውስጥ የሚገጥሙት በሁለት ዙር ቀረጻ ነው። የተዋንያኑ ፊልም ከኋላ በኩል በፕሮጀክተር ስስ መጋረጃ ላይ ይበራል፤ አንድ ፍሬም ብቻ፣ ቀጥ ብሎ። ከመጋረጃው ፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ አሻንጉሊቱ አለ። በካሜራውና በጠረጴዛው መካከል መስታወት ይቆማል። የመስታወቱ የታችኛው ክፍል፣ ጠረጴዛውን የሚሸፍነው፣ ጥቁር ተቀብቷል። አሻንጉሊቱን አንድ ጊዜ መንካት፣ አንድ ፍሬም ማንሳት፣ ፕሮጀክተሩን አንድ ፍሬም ማሳለፍ። ትዕይንቱ ሲያልቅ ካሜራው ውስጥ ያለው ፊልም ወደ መጀመሪያው ይጠቀለላል። አሁን ጥቁሩ በተገላቢጦሽ ይቀባል፤ ቀድሞ ጨለማ የነበረው የፊት ለፊቱ መሬት ብቻ ይቀረጻል። ፍጡሩ ከፊቱም ከኋላውም እውነተኛ ዓለም ያለው ይሆናል።

ጥበቡ ያለው ሁለቱ ቀረጻዎች የሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። ጥሩ ሰፊ የጋቢን ሁለት ስፋት ሲያጋጥም ዓይን መሐሉን እንዳይፈልግ እንደሚያደርገው፣ ሃሪሃውዘንም መስመሩን በድንጋይ ጠርዝ፣ በግንብ ጥግ፣ በሣር ጫፍ ላይ ያሳልፈዋል። ፍጹም ነው ማለት አይቻልም። ከመጋረጃ ላይ ዳግም የተቀረጸ ምስል ይሻክራል፤ ቀለሙም ይደበዝዛል። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት ፊልም የተሰጠ ተመልካች ሥዕሉ ድንገት ሲሻክር ካየ አውሬው ሊመጣ መሆኑን ያውቃል። እንዲህ ያለ ምልክት ለብቻ ሲያውቁት አያረካም። ጎን ለጎን ተቀምጦ በክርን የሚጎሸም ሰው ይፈልጋል።

ሃሪሃውዘን ያን ሰው ያገኘው በጎሪላ ምክንያት ነው። በ1933 ገና ልጅ ሳለ አክስቱ ይዛው ሆሊውድ ወደሚገኘው ግራውማንስ ቻይኒዝ ቲያትር ሄዱና «ኪንግ ኮንግ»ን አየ። ኮንግ የጥንቸል ፀጉር የለበሰ ትንሽ አሻንጉሊት ነበር። ማርሴል ዴልጋዶ ገነባው፣ ዊሊስ ኦብራየን አንቀሳቀሰው። ፀጉሩ በየፍሬሙ ይርመሰመሳል። ኦብራየን በነካው ቁጥር ጣቶቹ ፀጉሩን ስለሚያጎብጡት ነው። የባለሙያ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ኮንግ በቁጣ ፀጉሩ የቆመ ይመስላል። ልጁ የጣቶቹን ዱካ ማንበብ እስኪማር ድረስ ፊልሙን እየደጋገመ አየው። ጋራዥ ውስጥ የራሱን አውሬዎች መሥራትም ጀመረ። ለመጀመሪያው ድብ ፀጉሩ የተገኘው ከእናቱ አሮጌ ካፖርት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፊልሙ በድጋሚ ሲታይ በሲኒማው መግቢያ የተሰቀሉ የኮንግ ፎቶግራፎች አየ። የማን እንደሆኑ ጠየቀ። የፎረስት አከርማን ነበሩ፤ የሳይንስ ልቦለድና የአስፈሪ ፊልም ማናቸውንም ቁራጭ የሚሰበስብ ወጣት። አከርማን ፎቶዎቹን አዋሰው፤ በሎስ አንጀለስ ክሊፍተንስ ካፍቴሪያ በየሐሙሱ ወደሚሰበሰበው የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ማኅበርም ጋበዘው። እዚያ ሌላ ሬይ ተቀምጧል፦ ሬይ ብራድበሪ። ሁለቱም በ1920 የተወለዱ ናቸው። ብራድበሪ መንገድ ዳር ጋዜጣ እየሸጠ ይጽፋል፤ የሌላኛው ሥራ ጋራዥ ውስጥ ነው። ሁለቱንም የያዛቸው ኮንግና ዳይኖሰር ነው። ብናረጅም ከዳይኖሰር ፍቅር አንወጣም ብለው ተማማሉ።

የወዳጆች ማኅበር ብዙ ጊዜ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከዚህኛው ግን ሥራ ወጣ። አከርማን ለብራድበሪ የመጀመሪያ መጽሔት ገንዘብ አወጣ፤ በ1939 ኒው ዮርክ ለተደረገው የሳይንስ ልቦለድ ጉባኤ መሄጃም አበደረው። በ1947 ብራድበሪ ሲያገባ ሚዜው ሃሪሃውዘን ነበር። በ1949 በወጣው «ማይቲ ጆ ያንግ» ላይ ሃሪሃውዘን ራሱ ከኦብራየን ሥር ገብቶ ሠራ፤ ልጅ ሆኖ ጣቶቹን ያነበበለት ሰው አሠሪው ሆነ ማለት ነው።

ሁለቱ ሬዮች በአንድ ፊልም የተገናኙት በ1953 ነው። ብራድበሪ ከሁለት ዓመት በፊት በሳተርደይ ኢቪኒንግ ፖስት ባወጣው አጭር ልቦለድ፣ ከባሕር ጥልቅ የቀረ አንድ የመጨረሻ አውሬ የመርከቦች መብራት ማማ የሚያሰማውን የጭጋግ ጡሩምባ ሰምቶ የወገኑ ጥሪ ይመስለዋል። የፊልሙ አዘጋጆች ታሪኩን ገዙት። ፊልሙ ሃሪሃውዘን ልዩ ትዕይንቱን ሁሉ በኃላፊነት የያዘበት የመጀመሪያው ነው።

እውነቱን ለመናገር ፊልሙ ከልቦለዱ የወሰደው ብዙ አይደለም። የማማው ትዕይንት ግን ሙሉ በሙሉ የሁለቱ ነው። ሌሊት ነው። አውሬው በጥላ ብቻ ይታያል፤ የቆዳው ዝርዝር የለም፤ ያለው የአንገቱ መስመርና የማማው ቀጥታ መስመር ነው። ወዲያው አይመታም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ማማውን ያስተውላል፤ ከዚያ ነው የሚያፈርሰው። በዚያች መዘግየት ውስጥ የብራድበሪ ብቸኛ አውሬ አለ። አኒሜተር አንድን መዘግየት ለመሥራት ልክ እንደ እንቅስቃሴ ፍሬም በፍሬም ይከፍልበታል፤ ያውም ሕይወት ያለው ነገር ዝም ብሎ ስለማይቆም በመጠኑ እያስተነፈሰው።

ሃሪሃውዘን በብረት ይቆጥብ ነበር። የ1957ቱ የቬኑስ ፍጡር የብረት አጽም በ1958 የሲንባዱ ባለ አንድ ዓይን ግዙፍ ውስጥ ገባ። በእንቅስቃሴም ቢሆን ቁጠባ ያውቅበታል። ዕድሜውን ሙሉ ለስላሳ እንቅስቃሴ ሲያሳድድ ኖሮ፣ በ«ጄሰን» ውስጥ የነሐሱን ግዙፍ ታሎስን ሆን ብሎ ግትር አደረገው። ነሐስ እንደ ሥጋ አይተጣጠፍምና። በ1981 በመጨረሻው ፊልሙ ደግሞ ሜዱሳን አመጣ፤ በራሷ ላይ ያሉት 12 እባቦች እያንዳንዳቸው በየፍሬሙ ይነካሉ። በግሪኮች ተረት የዚያ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ፊልሙ አገሯን ወደ ኢዮጴ ወስዶብናል። ቅር ቢለኝም ሜዱሳ ከጥላው ስትወጣ እረሳዋለሁ።

ብራድበሪም በራሱ መሣሪያ ጓደኛውን ሠራው። በ1990 ባሳተመው «ኤ ግሬቭያርድ ፎር ሉናቲክስ» ውስጥ ሮይ ሆልድስትሮም የሚባል፣ በስቱዲዮ ውስጥ ዳይኖሰር የሚገነባ ሰው አለ፤ መነሻው ሃሪሃውዘን ነው።

የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ሰባቱን አጽሞች በጊዜያቸው አላያቸውም። በ1963 ለልዩ ትዕይንት የታጩት «ክሊዮፓትራ» እና «ዘ በርድስ» ነበሩ፤ አሸናፊውም «ክሊዮፓትራ» ሆነ። አካዳሚው ለሃሪሃውዘን የጎርደን ሶየር ሽልማትን የሰጠው በ1992 ነው። 29 ዓመት መዘግየት ነው፤ ሰጪውን ግን አልሳቱም። ሽልማቱን ያስረከበው ብራድበሪ ነበር።