አፍሪካ አዳራሽና የጎብኚው ዐይን

አንድን ከተማ ለመጎብኘት የመጣ እንግዳ በታወቁ ሕንጻዎቿ ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ መነሣቱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አይቶ ማለፍና አስተውሎ መመልከት የተለያዩ ናቸው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አፍሪካ አዳራሽ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው።

በኢጣሊያዊው አርክቴክት በአርቱሮ ሜዜዲሚ ተነድፎ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ሕንጻ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት ነው። በመግቢያው ጎብኚውን የሚቀበለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ነው። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር መሆኑ ሲነገረው ጎብኚው በመጠኑ ተደንቆ ያልፋል። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊው ሥራውን በሦስት የከፈለው ያለፈውን የጭቆና ዘመን፣ የነጻነቱን ትግልና የመጪውን ጊዜ ተስፋ በቅደም ተከተል ለማስነበብ ነው። የመጨረሻውን ብቻ አይቶ የሚሄድ፣ ተስፋውን ያለ ትግሉ ይዞ ይሄዳል።

ከዚህም በላይ ሥዕሉ ሕይወት የሚያገኘው ከውጭ በሚገባው ብርሃን ነው፤ ሰማዩ ሲደምን ቀለሙ ይከብዳል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይፈካል። አርክቴክቱ ግድግዳውን ለብርሃን ባይለቅ ኖሮ ሠዓሊው አንደበት ባላገኘ ነበር። ስለሆነም አንዱን ከሌላው ነጥሎ መገምገም አይቻልም።

አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተመርቋል። የጉብኝቱ ልማድም መታደስ ይኖርበታል። ተማሪዎቹን ይዞ የሚሄድ መምህር ቁጥሩን ከማስጻፉ አስቀድሞ፣ ብርሃኑ በመስተዋቱ ላይ ሲለዋወጥ እስኪያዩ ድረስ ሊያቆማቸው ይገባል።