የጂፒኤስ ሥዕልና የቱሉ ጉዶ እርከን

ስለ ቅርፅና ይዘት በክበባችን ብዙ ተከራክረናል። በዚህ ወር ግን ክርክሩን ከወረቀት አውርደን በእግራችን ልንፈትነው ተነሣን።

የጂፒኤስ ሥዕል የሚባል ጥበብ አለ። ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይራመዳል፤ ስልኩም ከሳተላይቶች በሚደርሰው ምልክት ያለበትን ቦታ እያሰላ ይመዘግባል፤ ዱካው ካርታ ላይ መስመር ይሆናል። አሜሪካ ለሲቪሎች በሚለቀቀው ምልክት ላይ ሆን ብላ ትጨምረው የነበረውን ስሕተት በ2000 እ.ኤ.አ. ካነሣች ወዲህ ነገሩ ለማንም መንገደኛ ቀለለ። ጃፓናዊው ያሱሺ ታካሃሺ ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለወዳጁ የጋብቻ ጥያቄ በአገሩ ካርታ ላይ ጻፈ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ሎንግ ደግሞ ሳተላይት ሳያሻው፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ሜዳ ላይ እየተመላለሰ ሣሩን አስተኝቶ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሠራ። የቀረው ፎቶው ነው።

እኛ የደራ ልጆች እሳተ ገሞራ ብርቃችን አይደለም። ከከተማችን በስተ ምዕራብ ያለው የገደምሳ ካልዴራ ስፋቱ ከ7 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ቢሆንም በአዳማ፣ በሞጆና በመቂ አድርገን ባቱ ገባን፤ ከዚያም በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ተሻገርን። ከዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች ትልቁ ይኸው ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ «ትልቁ ተራራ» ማለት ነው። ልንጽፍ ያሰብነው ፊደል «ተ» ነበር፤ ለቱሉ፣ ለታቦት፣ ለታሪክ።

ቁመቱን ጻፍነው፤ ትንፋሻችን እስኪቆረጥ ወጣን። አግድሙ ላይ ስንደርስ መስመራችን የዛዮች እርከን ውስጥ ገባ። አንድ አዛውንት ከላይ ሆነው፣ «ልጆቼ፣ እርሻው ውስጥ ምን ጠፋባችሁ?» አሉን። ምን እንበል? «አባቴ፣ ፊደል እየጻፍን ነው» ብንላቸው ማን ይሰማናል? አፈርን። ይቅርታ ጠይቀን በዳር ዞርን፤ «ተ»ም አንድ ክንዱ ተጣመመ።

ማታ ሥዕሉን ስናየው ሁለት ነገር ታዘብን። አንደኛ፣ ካርታው ዳገቱን አያውቅም፤ ላባችን እዚያ ላይ የለም። ሁለተኛ፣ ከመስመሩ ሁሉ ትርጉም ያለው የተጣመመው ብቻ ነው፤ ሰው የተገናኘነው እዚያ ላይ ነውና። የቀረው ባዶ ቅርፅ ነው። የታካሃሺ ጉዞ ጥበብ የሆነው በርዝመቱ አይደለም፤ የሚጠይቃት ሰው ስላለች ነው።

ደሴቱ ደግሞ ከእኛ የቀደመ የእግር ሥራ አለው። በትውፊት እንደሚነገረው፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት የጽዮንን ታቦት ከአክሱም አሽሽተው እዚህ አሳረፉት። መንገዳቸውን ማንም እንዲያይላቸው አልሄዱም፤ ሊያድኑ ሄዱ እንጂ። የዛይ ገበሬም በቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ደርድሮ መስመር አስምሯል። ያ መስመር አፈር ይይዛል፣ ቤተሰብ ያበላል። የእኛው ባትሪ ይበላል።

ታዲያ የጂፒኤስ ሥዕል ይቅር አንልም። አንድ ነገር ግን እንላለን፦ ፊደሉን አስቀድሞ ወስኖ መሬቱን እንደ ባዶ ወረቀት የሚረግጥ ሠዓሊ፣ መሬቱ ባለቤት እንዳለው ረስቷል። መጀመሪያ ሰላም ይበል፣ መንገዱን ይጠይቅ፣ ከዚያ ይሣል። እኛ የተጣመመውን «ተ» ሳናቃና ክበባችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። አንባቢ አይቶ ይፍረድ።