ሸክላው የማን ነው? ከአምሃ ሪከርድስ እስከ አሶሳ ዋዛ

ካሴት ገዝቶ ሽፋኑን ያነበበ ሰው «ዜማ፦ ሕዝብ» የምትለዋን ጽሑፍ ያውቃታል። ትሕትና ትመስላለች። እኔ ግን ባለቤትነት የሚጠፋው እዚያች ቃል ላይ ነው ባይ ነኝ።

የሸክላ ማሳተም መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትእዛዝ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ዘመን፣ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ወጣት አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ክልከላውን ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ህንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን፣ የሙላቱ አስታጥቄን «የካቲት ኢትዮ ጃዝ» (1974) ጨምሮም አልበሞችን አወጣ። ያለ እሱ ድፍረት የዚያ ዘመን ድምፅ ብዙው ባልተረፈን ነበር። ነገር ግን አምሃ አሳታሚ እንጂ ተጫዋች አልነበረም፤ መብቱ ከማኅበሩ ወደ አሳታሚው ተሻገረ እንጂ ትንፋሹን ያወጣው ሰው እጅ አልገባም።

ኒውዮርክ ላይ የጃዝ ሙዚቀኞቹ ቻርልስ ቶሊቨርና ስታንሊ ካውል በ1971 ስትራታ ኢስት የተባለውን አሳታሚ ሲያቋቁሙ ማስተሩ (ዋናው ቅጂ) የሙዚቀኛው ሆኖ እንዲቀር አደረጉ። ለእኛ የሚቀርበው ግን ጌታቸው መኩሪያ ነው። ሽለላን በሳክስፎን ያስጮኸው የዚህ ሰው በ1972 የወጣ ሸክላ የፊሊፕስ ኩባንያ ነበር። በ2006 ከሆላንዱ ቡድን ዘ ኤክስ ጋር የሠራው «ሞአ አንበሳ» ግን የታተመው የቡድኑ ጊታሪስት ቴሪ ሄሰልስ በሚመራው አሳታሚ በተርፕ ነው። አሳታሚው አብሮ የሚጫወት ሰው ስለሆነ ሳክስፎኑ እንዲለዝብ የጠየቀው የለም፤ ጌታቸው እንደ ፎካሪ ይጮሃል፣ ጊታሮቹም ይመልሱለታል።

ይህ ሙዚቀኛው ራሱ አሳታሚ የሚሆንበት መንገድ ግን በምዕራብ ኢትዮጵያ አሶሳ ሲደርስ ይፈተናል። የበርታ ሕዝብ ዋዛ ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጥልቅ ነው። ረጃጅም ቅሎች ጫፍና ጫፋቸው ተቆርጦ፣ አንዱ በሌላው እየተሰካ፣ ከአጭር እስከ ረጅም መለከት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ነፊ ያለው ድምፅ አንድ ብቻ ነው። ዜማው የሚወለደው በቅብብል ነው፦ አንዱ ነፍቶ ሲያቆም ሌላው ክፍተቱን ይሞላል። አንድ ሰው ከጎደለ ዜማው ቀዳዳ ያወጣል። ዋዛ ጃዝ ነው አልልም፤ ብቻውን ወጥቶ የሚራቀቅ ሶሎኛ የለውም። ሆኖም ጃዝ የሚመካበት እርስ በርስ የመደማመጥ ጥበብ እዚህ ሥራው ሁሉ ነው። ሙላቱ ራሱ ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ የደራሼ ዋሽንት ነፊዎች ስኬል ደጋግሞ ተናግሯል፤ ከዋዛም የሚቀዳ ብዙ አለ።

ታዲያ ውሉን ማን ይፈርማል? የአርቲስት አሳታሚነት ሐሳብ የተሠራው ስም ላለው ለአንድ ሶሎኛ ነው፤ ዋዛ ውስጥ ግን አንዱ ነፊ ብቻውን የሚሸጠው ዜማ የለውም። ይህ ግን «ሕዝብ» ብሎ ለማለፍ ሰበብ ሊሆን አይገባም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኙም መብት ይሰጣል፤ ከዋኝ ደግሞ ስም ያለው ሰው ነው።

አሶሳ ሄዳችሁ ለምትቀርጹ ሁሉ፦ የነፊዎቹን ስም ከአጭሩ ቅል እስከ ረጅሙ በተራ ጻፉ። ውሉን ከሁሉም ጋር ተፈራረሙ፤ ማስተሩንም እዚያው አሶሳ ተዉት።